ተመልሳችሁ ሄዳችኋል ወይ?

ጥያቄ፦ «የከተማችን ምክር ቤት የጤናና የአካባቢ አገልግሎት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ከገባሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ሙያዬ ሂሳብ ነው። ስለ ጤና የማውቀው ማንም ሰው የሚያውቀውን ያህል ነው። በየሩብ ዓመቱ ወፍራም ሪፖርት ይመጣልናል። ይህን ያህል ቶን ቆሻሻ ተነሳ፣ ይህን ያህል ምግብ ቤት ተፈተሸ፣ ይህን ያህል የጽዳት ዘመቻ ተካሄደ ይላል። ሁሉም ከመቶ ከዘጠና በላይ ተሳክቷል። ከተማው ግን ሲታይ እንደዚያ አይደለም። አሁን መምሪያው ሁለት ጥያቄ አቅርቧል። አንዱ ሁለት አዲስ የቆሻሻ መኪና ነው። ሌላው አራት ተጨማሪ ተቆጣጣሪና የውሃ መመርመሪያ ዕቃ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። አብዛኛው አባል ሕዝቡ ያየዋል ብሎ ወደ መኪናው አዘንብሏል። እኔ ምን ልጠይቅ? ለመሆኑ ይሄ ሥራ በትክክል ምንድነው?»

ምላሽ፦

ሪፖርቱን አንብበው ከተማውን ዞር ብለው ማየትዎ ደስ ብሎኛል። ብዙ የኮሚቴ አባል ሪፖርቱ ላይ ነው የሚቀረው። ሃያ ምናምን ዓመት በአካባቢ ጤና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የቆየሁት ደግሞ በተቆጣጣሪነት ነው። ስለዚህ ምላሼ ከሜዳው በኩል ነው የሚመጣው።

ሥራው ምንድነው ላሉት ልጀምር። ሥሩ አንድ ነው፤ ከሰው የወጣው ቆሻሻ ተመልሶ ወደ ሰው አፍ እንዳይገባ መንገዱን መዝጋት። መንገዶቹ የታወቁ ናቸው። በውሃ ይመጣል። በእጅ ይመጣል። በዝንብ እግር፣ በአፈር፣ በምግብ ይመጣል። መፀዳጃ፣ ፍሳሽ፣ ንጹህ ውሃ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የምግብ ቤት ቁጥጥር እየተባለ በየክፍሉ ተከፋፍሎ የሚያዩት ሥራ ሁሉ ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ለመዝጋት የተፈጠረ ነው። የአየር ብክለት፣ ጫጫታ፣ መርዛማ ኬሚካል በኋላ ተጨመሩ። እነሱም ትልቅ ነገር ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የአየር ጥራት መመሪያውን በጣም ያጠበቀው በምክንያት ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን ስለ መኪናና ስለ ተቆጣጣሪ ስለሆነ እዚያው ላይ ልቆይ።

የከተማ አስተዳደር ይህን ሥራ በደመወዝ ሰው ቀጥሮ መሥራት የጀመረበት ታሪክ አጭር ነው። የእንግሊዟ ሊቨርፑል በ1844 ቶማስ ፍሬሽ የሚባል ተቆጣጣሪ ሾመች። በ1847 ደግሞ ዊሊያም ደንከን የሚባል ሐኪም የከተማው የጤና ኃላፊ አደረገች። ጄምስ ኒውላንድስ የሚባል መሐንዲስም አብሮ ተሾመ። ሐኪሙ ሰው የት እንደሚሞት ይናገራል። መሐንዲሱ ቱቦውን ይዘረጋል። ተቆጣጣሪው ቤት ለቤት ይዞራል። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። የእርስዎ መምሪያ ሐኪምና መሐንዲስ ኖሮት የሚዞር ሰው ካጣ፣ ሐኪሙ የሚያወራው ከታመሙት ጋር ብቻ ይሆናል። መሐንዲሱም የሠራው ቱቦ መደፈኑን የሚሰማው ፍሳሹ መንገድ ላይ ሲወጣ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎ። ለመናገር ቀላል አይደለም፤ ግን የምመክርዎ ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ማእድ ቤት ፈተሽኩ። የእጅ መታጠቢያው አለ፤ ቧንቧውም ይሠራል። ግን ሳሙና የለም፤ ገንዳው ውስጥ ደግሞ ሳህኖች ተደራርበውበታል። እዚያ እጁን የታጠበ ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ጣውላ ላይ አትክልት ይከተፋል። ጠረጴዛ የሚጠረግበት፣ ቢላ የሚወለወልበትና እጅ የሚደርቅበት ጨርቅ አንድ ነው። ሦስቱንም ጻፍኩ። በ14 ቀን ይስተካከል ብዬ ፈርሜ፣ ማህተም አስመትቼ ሰጠሁ። በወሩ ሪፖርት ላይ «አንድ ተቋም ተፈትሿል» ተብሎ ተቆጠረልኝ። እኔም ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ሩብ ዓመቱ ሳያልቅ መሙላት ያለብኝ ቁጥር ነበረ።

በአራተኛው ወር ከአርባ በላይ ተማሪዎች በአንድ ሌሊት ማስመለስና ተቅማጥ ያዛቸው። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ማእድ ቤት ገባሁ። መታጠቢያው ውስጥ ሳህኖቹ እንዳሉ ናቸው። ጨርቁም ያው ነው። የእኔ ወረቀት በማህተሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ልጆቹ ሁሉም ዳኑ። እኔ ግን ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለማእድ ቤቱ ሠራተኞች የግድግዳ ጌጥ ነበር። ለእኔ ደግሞ «ተፈትሿል» የሚል ቁጥር። በመካከል የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ15ኛው ቀን ተመልሼ አለመሄዴ።

ስለዚህ መምሪያውን አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢኖርዎ ይህን ይጠይቁ፦ «ተመልሳችሁ ሄዳችኋል ወይ?»

ከጠየቁ በኋላ የቁጥጥርና የቅሬታ መዝገቡን ያስመጡ። ሪፖርቱን አይደለም፤ መዝገቡን። አቤቱታው የመጣበት ቀን፣ መጀመሪያ የተሄደበት ቀን፣ የታዘዘው ማስተካከያ፣ ተመልሶ የተሄደበት ቀን፣ የተገኘው ውጤት ተብሎ በየዓምዱ መሞላት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓምዶች ጢም ብለው ሞልተው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባዶ ሆነው ያገኟቸዋል። አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ዓምዶቹ የሉም። ሂሳብ አዋቂ ነዎት፤ ያልተዘጋ ሂሳብ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም።

ይህ የተመልሶ መሄድ ነገር የምግብ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1854 በብሮድ ስትሪት ኮሌራ የገባበትን ታሪክ ሳይሰሙ አይቀሩም። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ሟቾቹ ከአንድ የመንገድ ዳር የውሃ ፓምፕ ይቀዱ እንደነበር አሳየ። የሰፈሩ አስተዳደር ቦርድም የፓምፑን መያዣ አስነቀለ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ ሙያ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ጉድጓዱ ከውስጥ ታየ። ግንቡ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለውም ተባለ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ቄስ ግን ቤት ለቤት መጠየቁን አላቆመም። ወረርሽኙ ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀን በፊት ፓምፑ አጠገብ ያለ ቤት ውስጥ አንዲት ሕፃን በተቅማጥ ታማ እንደነበር አገኘ። የጨርቋ እጣቢ የሚደፋው ደግሞ ከቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። በ1855 ተመልሰው በውጭ በኩል ሲቆፍሩ የዚያ ጉድጓድ ጡብ በስብሶ ተገኘ። ከውሃው ጉድጓድ የሚርቀው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ፍተሻ ውሸት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ በኩል ብቻ የታየ ነበር።

ወደ ውሃ መመርመሪያው ዕቃ ልምጣ። ስሙን ሲሰሙ ትልቅ ላቦራቶሪ መስሎዎት ይሆናል። ዋናው ዕቃ በአንድ እጅ የምትያዝ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ከቧንቧው የቀዱትን ውሃ ትንሽ ጠርሙሷ ውስጥ ይጨምራሉ። አንዲት እንክብል ይከታሉ። ዘግተው ይነቀንቃሉ። ውሃው ውስጥ ጀርም ገዳዩ ክሎሪን ካለ ዓይንዎ እያየ ሮዝ ይሆናል። ቀለሙን ጎኗ ላይ ካለው መለኪያ ጋር ያስተያያሉ። ቤት የደረሰ ውሃ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መገኘት አለበት። 0.5 አካባቢ ከሆነ የተሻለ ነው። ሁሉም ነገር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሮዝ ካልሆነስ? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ክሎሪኑ መጀመሪያውኑ አልተጨመረም፣ ወይ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሻሻ ገብቶ አልቋል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ያኔ በየስንጥቁ ከውጭ ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይሳባል። አጠገቡ የፍሳሽ መስመር ካለ የሚገባው ምን እንደሆነ መገመት ነው። ስለዚህ ውሃ ተቋርጦ በተመለሰ ማግስት፣ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ካለ ቧንቧ መለካት የግድ ነው። ከማጣሪያው በር ላይ የተወሰደ ውጤት ብቻውን ስለ ነዋሪው ውሃ ምንም አይነግርዎትም።

የባክቴሪያ ምርመራም ያስፈልጋል። ውሃውን ዓይነ ምድር እንደነካው የሚያሳብቀው ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ግን ናሙናው በቀዝቃዛ ዕቃ ተይዞ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት። ውጤቱም ቢያንስ አንድ ቀን ይወስዳል። ክሎሪኑ ስለ አሁን ይናገራል፤ ባክቴሪያው ስለ ትናንት። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ከአንዱ ይጀመር ከተባለ ግን በትንሿ ሳጥን ይጀመር።

እዚህ ላይ የእርስዎ ሙያ በቀጥታ ያስፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ ካናዳ ውስጥ ወደ 5,000 ሰው በሚኖርባት ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከባድ ዝናብ የከብት እበት ወደ ውሃ ጉድጓድ አስገባ። ከ2,300 ሰው በላይ ታመመ፤ 7 ሰው ሞተ። በኋላ ሲጣራ የውሃው ሠራተኞች ክሎሪኑን በየቀኑ ሳይለኩ መዝገቡ ላይ 0.5 ወይም 0.75 እያሉ ይጽፉ እንደነበር ተረጋገጠ። የክሎሪን መዝገብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህን ነው። ቁጥሩ ለወራት አንድ ዓይነት ከሆነ ማንም አልለካም ማለት ነው። እውነተኛ መለኪያ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንድ ቀን ዜሮም ይመጣል። ዜሮ የተጻፈበት መዝገብ ካገኙ የጻፈውን ሰው ያመስግኑት። ከዚያ ዜሮው ከተገኘ በኋላ ምን እንደተደረገ ይጠይቁ።

አሁን መኪናው። መኪና አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቆሻሻ ማንሳት የከተማን በጀት ከሚበሉት ሥራዎች ዋናው ነው። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ጥናት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በአማካይ ከከተማ በጀት ወደ 20 በመቶ የሚሆነው ለዚሁ ይውላል። ስለዚህ በደንብ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው።

ቆሻሻ ለምን ቶሎ ይነሳል? አብዛኛው ሰው ለውበትና ለሽታ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ዝንብ ናት። በሞቃት ወቅት ዝንብ እንቁላል ጥላ አዲስ ዝንብ እስክትበር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ ቶሎ የሚነሳ ገንዳ ትሉን ዝንብ ሳይሆን ይዞት ይሄዳል። በ12 ቀን አንዴ የሚነሳ ገንዳ ግን ዝንብ እያረባ ነው። ሁለቱም ሪፖርቱ ላይ ተመሳሳይ ቶን ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ስለዚህ ስንት ቶን ተነሳ ብለው አይጠይቁ። ሳይነሳ ረጅም ጊዜ የቆየው ገንዳ የትኛው ሰፈር ነው፣ ስንት ቀንስ ቆየ ብለው ይጠይቁ።

ቶኑም ራሱ ይጠርጠር። መኪናው የሚመዘንበት ሚዛን አለ? ብዙ ቦታ የለም። የመኪናው አቅም በምልልሱ ብዛት ተባዝቶ ነው የሚጻፈው። ግማሽ የጫነም፣ እስከ አፉ የሞላም እኩል ይቆጠራል።

ሌላው የመኪናው ዓይነት ነው። ኮምፓክተር የሚባለው እየጨመቀ የሚጭነው መኪና ቀላልና ብዙ ቦታ ለሚይዝ ቆሻሻ፣ ለወረቀት፣ ለካርቶንና ለፕላስቲክ የተሠራ ነው። የከተማው ቆሻሻ በአብዛኛው እርጥብ የምግብ ትራፊ ከሆነ መጀመሪያውኑ ከባድና የታመቀ ስለሆነ መጭመቁ ብዙ አይፈይድም። የሚጨመቀው ውሃው ነው። ጥቁር ፈሳሽ መንገዱን ሁሉ እያንጠባጠበ ይሄዳል። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው መጭመቂያውም ቶሎ ይበላሻል። ለእንዲህ ያለ ቆሻሻ ገንዳ አንስቶ የሚሄድ ተራ መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከዚያ የቆሙትን ይቁጠሩ። ግቢው ውስጥ ስንት መኪና አለ፣ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ወጣ? ጎማ አጥቶ፣ ባትሪ አጥቶ፣ መለዋወጫ እየጠበቀ የቆመ ሦስት መኪና ካለ፣ የሚገዛው አራተኛ በሁለት ዓመቱ አጠገባቸው ይቆማል። አንድ መኪና በፈረቃ ስንቴ እንደሚመላለስም ይጠይቁ። ሁለቴ ብቻ ከሆነ ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ይታይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመኪና ቁጥር አይደለም። የመድፊያው ቦታ ርቀት፣ እዚያ ያለው ወረፋ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ነው።

የሚደፋበትን ቦታ ራሱን ሄደው ይዩት። ኮሚቴዎች እዚያ መሄድ አይወዱም። ነገር ግን ከከተማው የወጣው ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው። ሳይታመቅና ሳይሸፈን እንዲሁ የሚከመር ቆሻሻ ውሎ አድሮ ተራራ ይሆናል። ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ዝናብ ያረጥበዋል፣ ቁልቁለቱ ይከዳል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፓያታስ በሚባለው ቦታ በጁላይ 2000 የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ200 ሰው በላይ ገድሏል። የሞቱት እዚያው አጠገብ የሚኖሩና ከቆሻሻው የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚያድሩ ድሆች ነበሩ። የእርስዎ ከተማ መድፊያ አጠገብ ሰው ይኖር እንደሆነ ማወቅ አለብዎት።

ስለ ፍሳሽ አጭር ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ከሁሉም የተረሳ ነው። ብዙ ከተማ ውስጥ አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው የቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ወይም ጉድጓድ ነው ያለው። ሲሞላ መጣጭ መኪና ይመጣል። ከዚያስ? መኪናው የጫነውን የት ደፋው? እዚህ ላይ ማስታረቅ የሚባለውን የሂሳብ ሥራዎን ይሥሩ። ፈቃድ ያላቸው መጣጭ መኪናዎች በወር ስንት ምልልስ ለደንበኛ ደረሰኝ ቆረጡ? የማጣሪያው ጣቢያ በር ላይ ስንት ተመዘገበ? ልዩነቱ ሌሊት ወንዝ ውስጥ የተደፋው ነው። ይህችን ስሌት የሠራ የምክር ቤት አባል እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እርስዎ የመጀመሪያው ይሁኑ።

ሌላም አለ። ክፍሎቹ እርስ በርስ ካልተነጋገሩ አንዱ የሌላውን በሽታ ይፈጥራል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው በርሜል ይሞላል። ዴንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ቀን የምትነክሰው ቢንቢ ደግሞ በትክክል የምትወደው እንዲህ ያለ የተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ነው። ከእንቁላል እስከ ቢንቢ ሳምንት ገደማ ነው። እንቁላሏ በርሜሉ ጎን ላይ ተጣብቆ ደረቅ ሆኖ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ ጎኑን በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል፣ ክዳኑም መግጠም አለበት። ይህን የሚናገረው ማነው? በየግቢው የሚገባ ሰው። የመርጨት መኪና ጭስ እያጨሰ ሲያልፍ ሕዝብ ያያል፣ ደስም ይለዋል። ጭሱ ግን የሚበሩትን ነው የሚገድለው። በርሜሉ ውስጥ ያሉት በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣሉ።

ዘመቻም እንደዚሁ ነው። አልጠላውም። ሰው ለአንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ መውጣቱ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ዘመቻ የሚደረገው በሽታ ከገባ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። የሕንዷ ሱራት በ1994 ወረርሽኝ ገብቶባት ክፉኛ ደነገጠች። ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሸሸ። ከዚያ በኋላ የመጣው የከተማው ኮሚሽነር ኤስ. አር. ራኦ ከሌላው የተለየ ያደረገው ነገር ሲታይ ተራ ነው። የየዘርፉ ኃላፊዎች በየቀኑ ከቢሮ ወጥተው የተመደቡበትን ሰፈር በእግራቸው እንዲያዩ አደረገ። ጠዋት ያዩትን ከሰዓት ተሰብስበው ይነጋገሩበታል። በማግስቱ ደግሞ እዚያው ይመለሳሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሱራት በአገሪቱ በንጽህናዋ ከሚጠቀሱ ከተሞች አንዷ ሆነች።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱን ላሉት፣ እኔ ብሆን ተቆጣጣሪዎቹንና የውሃ መመርመሪያውን እመርጣለሁ። አንድ ሁኔታ ብቻ ሐሳቤን ያስለውጠኛል። ያሉት መኪናዎች ሁሉ እየሠሩ፣ ምልልሳቸውም ተስተካክሎ፣ አሁንም ከሳምንት በላይ ቆሻሻው የማይነሳለት ሰፈር ካለ መኪናው ይቅደም። ይህን ደግሞ ራሱ መዝገቡ ይነግርዎታል።

«ሕዝብ የሚያየው» የሚለው ክርክር ግን እኔን አያሳምነኝም። በ1892 የጀርመኗ ሃምቡርግ ኮሌራ ሲገባባት ወደ 8,600 ሰው ሞተባት። በመካከላቸው አንድ ጎዳና ብቻ ያለባት ጎረቤቷ አልቶና ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሰው ነው የሞተባት። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልበ ወንዝ ነበር። እንዲያውም አልቶና የምትቀዳው የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች ነው። ልዩነቱ አልቶና ውሃውን በአሸዋ ታጣራ ነበር። ሃምቡርግ የራሷን ማጣሪያ እየሠራች ነበር፤ ግን ዘገየባት። ያንን የአልቶና አሸዋ የትኛው ነዋሪ ቆሞ አይቶታል?

ተቆጣጣሪ ሲቀጠር ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። አራት ሰው ቀጥሮ ቢሮ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚንቀሳቀሱበት ነገር ይኑራቸው። ለሳጥኗ የሚሆነው እንክብል ዓመቱን ሙሉ በጀት ይያዝለት፤ እንክብል ያለቀባት ሳጥን መጫወቻ ናት። ሰኞ የት እንደሚሄዱ የሚወሰነው በአደጋው መጠን እንጂ በቅርበት አይሁን። ለሕፃናት፣ ለታማሚና ለአዛውንት የሚያበስል ማእድ ቤት በዓመት ብዙ ጊዜ ይታይ። የታሸገ ብስኩት የሚሸጥ ሱቅ አንዴ ይበቃዋል። ቁጥር ለመሙላት ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሱቁ ቅርብ ነው፣ ፍተሻውም አምስት ደቂቃ።

ጉቦውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ተቆጣጣሪ የሚፈራው ሥልጣን ስላለው ነው፤ ሥልጣን ያለበት ቦታ ደግሞ እጅ መንሻ ይመጣል። ሦስት ነገር ይረዳል። ተቆጣጣሪው ሰፈር እየቀያየረ ይሥራ። መጀመሪያ የሄደውና ተመልሶ የሚሄደው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይሁን። ውጤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ዴንማርክ ከ2001 ጀምሮ የምግብ ቤቱን የፍተሻ ውጤት በሚስቅ ወይም በሚያኮርፍ ፊት ምልክት ደንበኛ በሚያየው ቦታ ታስለጥፋለች። ምግብ ቤቱ ከቅጣቱ በላይ ያንን ያኮረፈ ፊት ይፈራል። ከቅጣት የሚሰበሰበው ገንዘብም የመምሪያውን ደመወዝ መሸፈኛ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ያኔ ተቆጣጣሪው ጥፋት እንዲጠፋ ሳይሆን እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው ይሆናል።

መቅጣትም በመጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው። በሥራዬ ያየሁት አብዛኛው ጥፋት ከክፋት የመጣ አልነበረም። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ መቀመጥ እንዳለበት ማንም አልነገራቸውም። ሲነገራቸው አብዛኞቹ ያስተካክላሉ፤ ግን ተመልሶ የሚመጣ ሰው እንዳለ ካወቁ ነው።

በጀቱ ላይ ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጠዋት ይስጡኝ። ከተቆጣጣሪ ጋር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይውጡ፤ ማእድ ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት፣ ገንዳ የሚነሳውም ያኔ ነው። ኃላፊው የመረጠልዎትን ቦታ አይቀበሉ። መዝገቡን ገልጠው መመለሻ ቀኑ ያለፈበትን አንድ ቦታ ራስዎ ይምረጡ። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያውን ይዩ፤ ሳሙና እንዳለው፣ ውስጡም ዕቃ እንዳልተደረደረበት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የቆየ ወረቀት ካለ ቀኑን ያንብቡ። ጫማዎ የሚታጠብ ይሁን።